የሠንጠረዡ ዓምድ፣ የመሬቱ ሥዕል፣ የጤና ኬላው ግድግዳ፦ በወላይታ መረጃን በሥዕል የማሳየት ታሪክና የጾታ ጥያቄ

በሳይንሳዊ ጽሑፍ ውስጥ የተሰበሰበ መረጃ ለዓይን የሚቀርብባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ሲሆኑ፣ እነሱም ቁጥሮችን በረድፍና በዓምድ የሚደረድረው ሠንጠረዥ፣ ቁጥሮችን ወደ ነጥብና ወደ መስመር የሚለውጠው ግራፍ፣ እንዲሁም መረጃውን በተገኘበት ስፍራ ላይ የሚያሳርፈው ካርታ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የትኛውን ወንድ ተመራማሪ፣ የትኛውን ሴት ተመራማሪ ያዘወትራሉ የሚለውን ጥያቄ ጄምስ ሃርትሊና ጊዮም ካባናክ በ2014 የሳይንስን ሥራ ራሱን በቁጥር በሚያጠናው "ሳይንቶሜትሪክስ" መጽሔት ላይ አንስተውታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነሱ 30 ዓመት ቀደም ብሎ ዊልያም ክሊቭላንድ የተባለው አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ የ57 መጽሔቶችን ገጾች መርምሮ፣ ከገጹ ስፋት ምን ያህሉ በግራፍ እንደተያዘ በመለካት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔቶች ከማኅበራዊ ሳይንሱ ይልቅ ለግራፍ እጅግ ሰፊ ቦታ እንደሚሰጡ አሳይቶ ነበር። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገለጥለታል፤ ሴቶች በብዛት የተመደቡባቸው የትምህርት ዘርፎች ግራፍ የማያበዙት ከሆኑ፣ በወንድና በሴት ጽሑፎች መካከል የሚታየው ልዩነት ከጸሐፊው ጾታ መጣ ወይስ ከዘርፉ ልማድ የሚለው በቆጠራ ብቻ አይለይም።

ይህ ጥያቄ በወላይታ ምድር ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መከፈት በፊት የጀመረ የራሱ ታሪክ አለው። ከሶዶ ተነስቶ በሐላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቦዲቲና በዙሪያዋ ያለው የዳሞት ጋሌ ደጋ፣ ከጠቅላላው የወላይታ ዞን ጋር፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአገሪቱ በተደጋጋሚ ከተጠኑት የገጠር አካባቢዎች መካከል ናቸው። የሕዝቡ ጥግግት፣ የመሬቱ ጥበትና በእንሰት ላይ የቆመው አስተራረስ ተመራማሪን ሲስቡ፣ በየጊዜው የመጣው ረሃብ ደግሞ የእርዳታ ድርጅትን ስቧል፤ እያንዳንዱም እንግዳ የየራሱን የመቁጠሪያና የመሳያ ዘዴ ይዞ መጥቷል።

የመጀመሪያው ትልቅ እንግዳ በ1970 በዓለም ባንክ ገንዘብ የተጀመረውና በአጭር ስሙ ዋዱ እየተባለ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ነበር። በስዊድን ድጋፍ በ1967 በጭላሎ የተቋቋመውን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱን፣ ተከትሎ የተነሳው ይህ ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ማከፋፈልን፣ የአፈር ጥበቃን፣ የገጠር መንገድንና በቆላው አበላ የተካሄደውን የሰፈራ ሥራ አጣምሮ የያዘ ነበር። በዘመኑ እንደነበሩት የልማት ፕሮጀክቶች ሁሉ የመረጃው መነሻ አባወራው በመሆኑ፣ ብድሩም፣ ማሳውም፣ ምርቱም በእሱ ስም በአንድ ረድፍ ላይ ይሰፍራሉ። ከዚህ መዝገብ የሚወጣው ሥዕል የማዳበሪያና የምርት ግንኙነት መስመር ሲሆን፣ በአግድሙ መስመር በሄክታር የተጨመረው ማዳበሪያ፣ በቋሚው ደግሞ በዚያው ዓመት ከዚያው ሄክታር የተገኘው የበቆሎ ወይም የሌላ እህል ኩንታል ይቀመጣል። መስመሩ በመጀመሪያ ሽቅብ ይወጣና ኋላ ይጎብጣል፤ የግብርና ባለሙያውም ማዳበሪያው የሚያዋጣበትን ልክ ከጉብጠቱ ያነባል።

በዚህ ሥዕል ላይ እንሰት ቦታ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ለማንም ክፉ ሐሳብ ሳይሆን የግራፉ አሠራር ራሱ ነው። እንሰት በአንድ ዓመት አይደርስም፤ በደጋው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እየተነቀለ ይተከላል፤ ሲደርስም እንደ በቆሎ በአንድ ሰሞን አይታጨድም፣ ቤቱ ሲቸገር አንድ ሁለት እግር እየተቆረጠ ይበላል እንጂ። ምርቱ የሚታወቀው ግንዱ ተፍቆ፣ ሥሩ ተከትክቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከተብላላ በኋላ ቆጮና ቡላ ሲሆን ነው። ተካዩ በአብዛኛው ወንዱ ሲሆን፣ ከቆረጣው በኋላ ያለው ፍቂያ፣ መብላላትና ልኬት ግን በሙሉ የሴቶች ሙያ ስለሆነ፣ ከአንድ እግር እንሰት ምን ያህል ቆጮ እንደሚወጣ፣ የትኛው ዓይነት ለቡላ፣ የትኛው አምቾው፣ ማለትም ሥሩ፣ ተቀቅሎ ለመብላት እንደሚሻል በትክክል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። "በዓመት" እና "በሄክታር" የሚሉት ሁለት መለኪያዎች በግራፉ ጠርዝ ላይ በተጻፉ ቅጽበት ይህ እውቀት ከሥዕሉ ውጭ ሆነ። በወላይታ መረጃን በሥዕል የማሳየት ሥራ ውስጥ ጾታ የገባው፣ እንግዲህ፣ በሣዩ እጅ ከመሆኑ በፊት በመለኪያው ምርጫ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚከራከርለት ነጥብ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሥዕሉን ከቢሮ ወደ መሬት አወረደው። በ1988 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የአካባቢና የልማት ጥናት ተቋም በወሎ ባካሄዱት ጥናት፣ ገበሬው በቃል ከመጠየቅ አልፎ የመንደሩን ካርታ፣ የወቅቶችን ሰሌዳና የታሪኩን መስመር እንዲስል መጋበዙ፣ ኋላ አሳታፊ የገጠር ዳሰሳ ተብሎ በዓለም ለተስፋፋው ዘዴ ከቀደምት መነሻዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ዘዴው ወደ ወላይታ የዘለቀው በተለይ በ1990ዎቹ፣ አካባቢው በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በነበረበት ጊዜ፣ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ባካሄደው የገበሬዎች የምርምር ፕሮጀክትና በየግላቸው በመጡ ተመራማሪዎች አማካይነት ነው።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥላ ያለበት የተጠረገ መሬት ይመረጣል፤ በእንጨት ጫፍ የመንገዱና የወንዙ መስመር ይጫራል፤ ቤት በድንጋይ፣ ዛፍ በቅጠል፣ የእህል ማሳ በእህሉ ፍሬ፣ የማሳ ድንበር በተበተነ አመድ ይወከላል። ሥዕሉ ሲያልቅ ከተመራማሪው ቡድን አንዱ በትልቅ ወረቀት ላይ ይገለብጠዋል፤ መሬት ላይ ያለው በከብትና በሕፃናት እግር ይጠፋል፤ ወረቀቱ ርዕስ፣ ቀንና የአጥኚው ስም ተጽፎበት ወደ ከተማ ይሄዳል። የወንዶችና የሴቶች ቡድን ለየብቻ ሲስሉ ሥዕሎቹ እንደማይመሳሰሉ የዘዴው ጸሐፊዎች ከእስያም ከአፍሪካም በተደጋጋሚ መዝግበዋል፤ በአጠቃላይ ሲታይ ወንዶቹ ድንበርን፣ ማሳን፣ መንገድንና ግጦሽን ሲያጎሉ ሴቶቹ ውኃን፣ ማገዶን፣ ወፍጮን፣ ገበያንና የጎረቤትን ቤት ያጎላሉ። ይህን ልዩነት ከተፈጥሮ ዝንባሌ ጋር ለማያያዝ የቸኮለ አልጠፋም። ይሁን እንጂ የትኛውም ሰው በየቀኑ የሚመላለስበትን መንገድ ከማይረግጠው ይልቅ አሳምሮ እንደሚስል ከታወቀ፣ ሌላ ማብራሪያ መፈለግ ትርፍ ድካም ይመስላል።

በወላይታ ለዚህ ነገር ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የአፈር ለምነት ክርክር ነው። ስቶርፎገልና ስማሊንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1990 ባወጡት ስሌት፣ የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 41 ኪሎ ግራም ያህል ናይትሮጅን፣ ማለትም ለሰብል ዕድገት ዋነኛ ከሆኑት የአፈር ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ያጣ እንደነበር ገልጸው ነበር። ይህ አንድ ቁጥር በየሪፖርቱ እየተቀዳ አገሩን ሁሉ በአንድ ቀለም ቀባው። በ1990ዎቹ በወላይታ ምዕራብ በሚገኘው በኪንዶ ኮይሻ ያጠናው የአፈር ተመራማሪው እያሱ ኤልያስ ግን ገበሬዎች ራሳቸው በሚስሉት የንጥረ ነገር ፍሰት ካርታ ተጠቅሞ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነገሩ በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ እንኳ አንድ ወጥ እንዳልሆነ አሳየ። የፍሰት ካርታ ማለት ቤቱን መሃል አድርጎ፣ ፍግ፣ አመድ፣ ገለባ፣ ቅጠልና እህል ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚሄዱ በቀስት የሚያመለክት ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ቀስቶቹ ወደ ጓሮው እንሰትና በወላይትኛ ዳርኩዋ ወደሚባለው ለቤት ቅርብ ወደሆነው ማሳ ይጎርፋሉ፤ ሾቃ ከሚባለው ራቅ ካለው ማሳ ደግሞ እህልና ገለባ ይወጣል እንጂ የሚመለስለት ጥቂት ነው። ስለዚህ አፈሩ በሾቃው ሲደኸይ በጓሮው ለምነቱን ጠብቆ፣ አንዳንዴም እየዳበረ ይኖራል።

ጓሮውን ያዳበረው ፍግ ግን ራሱን አልተሸከመም። ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት የወላይታ ቤት ጠዋት ጋጣውን ጠርጎ ፍጉንና አመዱን ወደ እንሰቱ ሥር ማውጣት በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ድርሻ ነው። በብሔራዊው ስሌት ውስጥ አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ ስለነበረ ይህ ሥራ የሚታይበት ቀዳዳ አልነበረም፤ ቀስት ባለው ሥዕል ላይ ግን እያንዳንዱ ቀስት የሚያመላልሰው ሰው አለው። የሥዕሉ ዓይነት መቀየሩ ሥራው እንዲታይ አደረገ ማለት ይቻላል፤ ከዚህ ተነስቶ ሥዕሉ ሠራተኛዋን በስም አስጠራ ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፣ በታተመው ገጽ ላይ ቀስቱ የሚያያይዘው ፍግን ከማሳ ጋር ነውና። በ1997 ስቲቨን ብራንት፣ አኒታ ስፕሪንግና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ስለ እንሰት ባወጡት የጋራ ሥራ የሴቶች ጉልበትና እውቀት የአስተራረሱ አካል ሆኖ በግልጽ ሲቀርብ ከቡድኑ ውስጥ በጾታና በግብርና ጉዳይ የካበተ ልምድ ያላት አንትሮፖሎጂስት ስፕሪንግ መኖሯ እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

የሚሰበስበው፣ የሚስለውና የሚፈርመው ሰው የተለያየ መሆኑ የወላይታ ብቻ ታሪክ አይደለም። ወላይታን በምሥራቅና በደቡብ የሚያዋስነው፣ የአባያ ሐይቅ የተኛበት ስምጥ ሸለቆ ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው ማሪ ታርፕ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መርከቦች በድምፅ የለኩትን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጥልቀት ወደ ሥዕል ስትለውጥ፣ በውቅያኖሱ መሃል በተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ የተሰነጠቀ ሸለቆ አገኘች። በዚያን ጊዜ ሴት በምርምር መርከቦቹ ላይ እንድትሳፈር ስለማይፈቀድ ለኪዎቹ ወንዶች ነበሩ፤ የሥራ ጓደኛዋ ብሩስ ሂዘንም ግኝቷን መጀመሪያ እንደ ሴት ወሬ ቆጥሮ ገፋው። የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻዎች ለብቻ በካርታ ላይ ሲነጠቡ ግን በሸለቆው መስመር ላይ ተሰለፉ፤ መስመሩም በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ዞሮ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ሲዘልቅ ታየ። ግኝቱ በ1956 ለሳይንሱ ዓለም ሲበሰር በጽሑፉ ላይ የሰፈሩት ስሞች የሂዘንና የአለቃው የሞሪስ ዩዊንግ ነበሩ። የጸሐፊዎችን ስም ብቻ ቆጥሮ ስለ ጾታና ስለ ግራፍ የሚናገር ጥናት ይህን የመሰለውን ጽሑፍ በወንዶች ዓምድ ሥር ይመድበዋል፤ ቆጠራው ስህተት የለበትም፣ ስለ ሣይዋ ግን ምንም አይናገርም።

በወላይታ ገጠር ሦስተኛው ምዕራፍ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከሁሉም የሚልቀውና ከሁሉም ያነሰ የተጻፈለት፣ በ2003 ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጋር መጣ። ፕሮግራሙ በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲሠራና አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በቀበሌያቸው ደመወዝተኛ ሆነው እንዲመደቡ ያደረገ ሲሆን፣ በ2010 አካባቢ ቁጥራቸው በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30,000 አልፎ ነበር። በዚያው ቀበሌ የሚመደቡት ሦስት የግብርና ልማት ሠራተኞች በአብዛኛው ወንዶች ስለሆኑ፣ የመንግሥት መረጃ በገጠር ደረጃ በጾታ የተከፈለ ሥራ ሆነ፤ ማሳው በወንዶች፣ ቤተሰቡ በሴቶች እጅ ይመዘገባል።

በቦዲቲ ዙሪያ እንዳሉት ቀበሌዎች ባለ ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ወረቀቶች ዋነኛው የክትባት መከታተያ ግራፍ ነው። በአግድሙ መስመር ከሐምሌ እስከ ሰኔ አሥራ ሁለቱ ወራት፣ በቋሚው ደግሞ በዓመቱ መከተብ ያለባቸው ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ቁጥር ይሰፍራል። ለምሳሌ በቀበሌው በዓመት 156 ሕፃናት ይጠበቃሉ ከተባለ በወር 13 ስለሚደርስ፣ ከታች ግራ ጥግ ተነስቶ ላይ ቀኝ ጥግ 156 ላይ የሚያርፍ ሰያፍ መስመር አስቀድሞ ይሰመራል፤ ይህ የዕቅዱ መስመር ነው። ባለሙያዋ በየወሩ መጨረሻ የመጀመሪያውን የፔንታቫለንት ክትባት፣ በተለምዶ ፔንታ አንድ የሚባለውን፣ የወሰዱትን ካለፉት ወራት ጋር ደምራ በአንድ ቀለም ነጥብ ታደርጋለች፤ ሦስተኛውን ዙር፣ ፔንታ ሦስትን፣ የወሰዱትን በሌላ ቀለም ትነጥባለች፤ ከዚያም ነጥቦቹን ካለፈው ወር ነጥብ ጋር በማስመሪያ ታያይዛለች። በታኅሣሥ መጨረሻ ዕቅዱ 78 ሆኖ ፔንታ አንድ 70፣ ፔንታ ሦስት 56 ቢሆን፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው የ14 ሕፃናት ክፍተት ጀምረው ያቋረጡትን የሚያሳይ ሲሆን፣ ከ70ው ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ይሆናል፤ ከ10 በመቶ ማለፍ እንደሌለበት በሥራው መመሪያ የታወቀ ነው። መስመሮቹ እየተራራቁ ከሄዱ ባለሙያዋ መዝገቧን ገልጣ ያቋረጡትን ቤት ለቤት ትፈልጋለች። ይህ ሥዕል የተሣለው ለአሳታሚ ወይም ለፈታኝ ሳይሆን ለሣይዋ ለራሷ ነው፤ ሳይንሳዊ ግራፍ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ፣ ማለትም ልዩነትን በአንድ እይታ አሳይቶ ውሳኔ ማስወሰድን፣ በትክክል ይሠራል።

የቁጥሩ ጉዞ ግን ሌላ መንገድ አለው። ወሩ ሲያልቅ ከጤና ኬላው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ የሚሄደው ግራፉ ሳይሆን ቁጥሩ የሞላበት የሪፖርት ቅጽ ነው፤ ግራፉ ከግድግዳው አይወርድም። ቁጥሩ በክልልና በፌዴራል ደረጃ ተጠቃሎ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ከዚያም ወደ ምርምር ጽሑፍ ሲሸጋገር እንደገና ግራፍ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚስለው ሌላ ሰው፣ ሶፍትዌሩም ሌላ፣ በሥሩ የሚጻፈውም ስም ሌላ ነው። በታተሙ ጽሑፎች ላይ ተመሥርቶ ሴቶች ግራፍ አያዘወትሩም የሚል ሰው ቢኖር፣ በወላይታ ገጠር በየወሩ በእጅ የሚሰመረው ግራፍ በአብዛኛው የሴት እጅ ሥራ እንደሆነ ሊያስተውል የሚችልበት መንገድ የለውም።

በ2007 የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና ከእሱ በፊት የተቋቋሙት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ ታሪክ የሚገቡት ዘግይተው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ሲመርጥ በአብዛኛው የሚወስኑለት የትምህርት ክፍሉ የአጻጻፍ መመሪያ፣ የአማካሪው ልማድ፣ እንዲሁም ኤክሴልና ኤስፒኤስኤስ የተባሉት ሶፍትዌሮች ሳይጠየቁ የሚያቀርቡት ቅርጽ ስለሆኑ፣ የግል ምርጫ የሚባለው ነገር ስፋቱ እምብዛም ነው። በዚህ ደረጃ ጾታ የሚታየው በሥዕሉ ቅርጽ ሳይሆን በጸሐፊዎቹ ማንነት ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950 ኮሌጅ ሆኖ ከተመሠረተ በኋላ ያለምፀሐይ መኮንን የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው በ2009 ነበር። በፍሎረንስ ናይቲንጌል ዘመን የነበረው እንግሊዝም ቢሆን ብዙ አይለይም፤ በ1858 የክሪሚያ ጦርነት ወታደሮች ከቁስል ይልቅ በበሽታ እንደሞቱ በክብ ግራፍ ያሳየችው ይህች ነርስ ዛሬ የግራፍ ታሪክ ሲጻፍ ከፊት ብትጠቀስም፣ በዚያን ጊዜ ሴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዲግሪ መያዝ አትችልም ነበር።

ወደ እንሰት ሲመለስ፣ በወላይታ መረጃ ታሪክ ውስጥ የሴቶቹ እውቀት ከሁሉም በላይ በጽናት የገባው በግራፍ ሳይሆን፣ ብዙዎች ደረቅ ነው በሚሉት በሠንጠረዥ በኩል ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ያወጣ በነበረው የግብርና ናሙና ጥናት ለእህል ሰብሎች የሚያገለግለው የሄክታርና የኩንታል አቀራረብ ለእንሰት ስላልሠራ፣ ለእሱ የተለየ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶለታል። በዚያ ሠንጠረዥ መነሻው የተቆረጠው እንሰት ብዛት በእግር ሲሆን፣ ምርቱም በአንድ ድምር ፈንታ አምቾ፣ ቆጮና ቡላ ተብሎ በሦስት ዓምድ ይለያል። ይህ ክፍፍል ሴቶች በፍቂያው ቦታ የሚለዩበት ክፍፍል ነው፤ ቆጣሪው ከአባወራው ጋር የጀመረውን ቃለ መጠይቅ እነዚህ ዓምዶች ጋ ሲደርስ መልሱን ከሚስቲቱ ሳይሰማ ሊሞላቸው ይቸግረዋል።